ሌፕቶስፓይሮሲስና ከእንስሳት የሚተላለፉ በሽታዎች፦ ከጣና ዳር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ያሉ አርሶ አደሮች፣ ዓሣ አስጋሪዎች፣ ከብት አርቢዎችና ወጣት የጤና ባለሙያዎች ስለዚህ በሽታና ስለሚመስሉት በሽታዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እዚህ ተሰብስበዋል። መልሱን የምጽፈው የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ስለ ላምና ስለ አይጥ ሳወራ ቢረዝምብዎ፣ ስለ ክኒን ሳወራ ደግሞ ቢያጥርብዎ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ መድኃኒት የሚያዝልዎ የራስዎ ሐኪም ነው። የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሌፕቶስፓይሮሲስ ምን ዓይነት በሽታ ነው?

ሌፕቶስፒራ የሚባል ባክቴሪያ የሚያመጣው በሽታ ነው። ባክቴሪያው እጅግ ቀጭን፣ ሰውነቱ የተጠማዘዘ፣ ጫፉ እንደ ዓሣ መንጠቆ የታጠፈ ነው። የሚኖረው በእንስሳት ኩላሊት ውስጥ ሲሆን የሚወጣው ከሽንት ጋር ነው። አይጥ፣ ላም፣ በግ፣ ፍየል፣ አሳማና ውሻ ሊሸከሙት ይችላሉ። በተለይ አይጥ አንድም የሕመም ምልክት ሳይታይባት ለወራት ከሽንቷ ጋር ታፈሰዋለች።

ሽንቱ ውሃ ወይም እርጥብ አፈር ላይ ከወደቀ ባክቴሪያው ለሳምንታት፣ ሁኔታው ከተመቸው ደግሞ ከዚያም በላይ በሕይወት ይቆያል። ወደ ሰው የሚገባው በተጫረ ወይም በቆሰለ ቆዳ፣ ውሃ ውስጥ ብዙ ቆይቶ በራሰ እግር፣ እንዲሁም በዓይን፣ በአፍንጫና በአፍ በኩል ነው። ድርቀትና የፀሐይ ሙቀት ይገድሉታል፤ ስለዚህ በሽታው የክረምትና የረግረግ ነው።

ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ባክቴሪያው ከገባ ከ5 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራል፤ በ2 ቀን ሊመጣ፣ እስከ 30 ቀንም ሊዘገይ ይችላል። ድንገተኛ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ የወገብና በተለይ የባት ጡንቻ ሕመም ይኖራል። ባቱን ሲነኩት የሚጮህ፣ ዓይኑ ሳይመግል የቀላ ሕመምተኛ ካጋጠመ ይህን በሽታ ማሰብ ተገቢ ነው። ብዙዎች ይድናሉ። በጥቂቶች ላይ ግን ይከፋል፦ ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ኩላሊት ሥራውን ያቆማል፣ ሳንባ ይደማል። በ2015 የወጣ ግምት በዓለም ላይ በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንደሚያዙና ወደ 59 ሺህ የሚጠጉት እንደሚሞቱ ያሳያል።

እዚህ አገር በእርግጥ አለ? ወይስ የውጭ አገር በሽታ ነው?

አለ። በ1975 የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ የቤትና የዱር እንስሳት ደም ውስጥ የበሽታውን አሻራ አግኝቷል። በ2004 ደግሞ ወንጂ ላይ፣ ትኩሳት ይዟቸው ወደ ሆስፒታል በመጡ ሰዎች የተደረገ የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት በሽታው ሰውንም እንደሚይዝ አመልክቷል። ወንጂ የሸንኮራ አገዳና የመስኖ ቦይ አገር ነው፤ አይጥና የማይደርቅ ውሃ አንድ ላይ የሚገኙበት ስፍራ ስለሆነ ውጤቱ የሚያስደንቅ አይደለም። በ2015 የሰውና የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ተሰብስበው በኢትዮጵያ ቅድሚያ ሊሰጣቸው የሚገቡ ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፉ አምስት በሽታዎችን ሲመርጡ የእብድ ውሻ በሽታ፣ አባ ሰንጋ፣ ብሩሴሎሲስ (ከብት የሚያስጨነግፍ፣ በጥሬ ወተትም ወደ ሰው የሚተላለፍ የባክቴሪያ በሽታ)፣ ሌፕቶስፓይሮሲስና ኢኪኖኮኮሲስ (ከውሻ የሚመጣ የኮሶ ትል በሽታ) ነበሩ።

አሁን ዓይንዎን ወደ ጣና ይመልሱ። በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ፎገራ ሜዳ ላይ ይተኛሉ። ከብቱ ውሃው ውስጥ ቆሞ ይግጣል፣ ይሸናል፤ ባለቤቱ እዚያው ውሃ ውስጥ ሩዝ ያርማል። ውሃው ሲሸሽ በባሕር ሸሽ መሬት ላይ ይታረሳል፣ እህሉ ጎተራ ይገባል፣ አይጡም ይከተላል። ሌፕቶስፒራ ቦታ ምረጥ ቢባል ከዚህ የተሻለ አያገኝም። ስሙ በሕክምና ካርድ ላይ ሲጻፍ የማናየው አብዛኛው ጤና ጣቢያ መመርመሪያው ስለሌለው ነው፤ ያልተመረመረ በሽታ መዝገብ ውስጥ አይገባም።

የወባ ምርመራዬ ነጻ ሆኖ ትኩሳቱ አልለቀቀኝም። ምን ላስብ?

ከሁሉ በላይ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው፤ ለዚህም መልሱ ረዘም ይላል።

በመጀመሪያ፦ ባሕር ዳር ዙሪያ ወባ ይገድላል። ትኩሳት የያዘው ሰው አስቀድሞ የወባ ምርመራ ማድረግ አለበት፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ችግሩ የሚጀምረው ምርመራው ነጻ ሲሆን ነው። ያኔ ወይ የወባ መድኃኒት «ለማንኛውም» ይሰጣል፣ ወይ «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» ተብሎ በአንዲት ጠብታ ደም ይፈረዳል። ለታይፎይድ የሚደረገው የዊዳል ምርመራ ብቻውን ሲታይ እምነት የሚጣልበት አይደለም፤ ከዚህ በፊት የታመመውንም፣ ያልታመመውንም «አለብህ» ሊል ይችላል። ሕመምተኛው ስም ያለው በሽታ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ እውነተኛው በሽታ ግን ስሙን ሳይናገር አብሮት ይሄዳል።

በምሥራቅ አፍሪካዊቷ ታንዛኒያ ውስጥ ይህ በቁጥር ታይቷል። በኪሊማንጃሮ ተራራ ግርጌ ባለችው በሞሺ ከተማ ተመራማሪዎች ትኩሳት ይዟቸው ሆስፒታል የተኙ 870 ሰዎችን መረመሩ። ሐኪሞቹ 528ቱን፣ ማለትም ከመቶ 60.7 የሚሆኑትን፣ «ወባ» ብለው ነበር። በላቦራቶሪ ሲጣራ ትኩሳቱ ከወባ የመጣባቸው 14 ሰዎች ብቻ ሆነው ተገኙ። በአንጻሩ በተሟላ ሁኔታ ከተመረመሩት መካከል ሩብ ያህሉ ከእንስሳት የሚተላለፉ የባክቴሪያ በሽታዎች ነበሩባቸው፤ ከእነዚህም 40ው ሌፕቶስፓይሮሲስ፣ 36ቱ መዥገር ወለድ ሪኬትሲያ፣ 24ቱ ኪው ፊቨር፣ 16ቱ ብሩሴሎሲስ ነበሩ። ጥናቱ የታተመው በ2013 ነው። እኔ በበኩሌ ይህን ጽሑፍ ለእያንዳንዱ አዲስ ተመራቂ ሐኪም ከዲግሪው ጋር ብሰጠው ደስ ይለኛል። ሞሺ ባሕር ዳር አይደለችም፤ የወባው መጠንም ይለያያል። ነገር ግን ከብት፣ ዝናብና «ወባ ነው» የሚል ልማድ በሁለቱም ቦታ አለ።

ለራሳችን አካባቢም ታሪክ አናጣም። በ2005 በጣና ምሥራቅ ባለው በሊቦ ከምከም ወረዳ ሰው በትኩሳት እየመነመነ ይሞት ነበር። በመጀመሪያ የተጠረጠረው መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው። ሲጣራ ካላዛር ሆኖ ተገኘ፤ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ደጋ ላይ ይገኛል ብሎ ማንም ያልጠበቀው በሽታ። ትክክለኛው ስም እስኪገኝ ድረስ ስንቱ ቤት ሐዘን እንደተቀመጠ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል።

ስለዚህ የወባ ምርመራዎ ነጻ ከሆነ ለሐኪምዎ ሳይጠየቁ የሚነግሩት ነገር አለ፦ ሥራዎ ምን እንደሆነ፣ ባለፉት አራት ሳምንታት የቆመ ውሃ፣ ጎርፍ ወይም የሩዝ ማሳ ውስጥ ገብተው እንደሆነ፣ እግርዎ ላይ ቁስል እንደነበረ፣ ቤትዎ አይጥ መኖሩን፣ ከብትዎ ጨንግፎ እንደሆነ፣ ጥሬ ወተት ይጠጡ እንደሆነ። «ገበሬ ነኝ» ማለት ብቻ አይበቃም። «ሰኔ መጨረሻ ላይ ለአንድ ሳምንት በባዶ እግሬ ሩዝ ሳርም ነበር» የሚለው ዓረፍተ ነገር ግን ለሐኪሙ ከብዙ የላቦራቶሪ ወረቀት ይበልጣል።

ዓይኔ ቢጫ ሆነ። «የወፍ በሽታ ነው» አሉኝ። አንድ ናቸው?

የዓይን ቢጫ መሆን ምልክት እንጂ ራሱን የቻለ አንድ በሽታ አይደለም። የጉበት ቫይረሶች ያመጡታል፤ ወባ፣ የሐሞት ጠጠር፣ ቢጫ ወባ፣ ሌፕቶስፓይሮሲስም ያመጡታል። በአገራችን ብዙ ሰው የሌሊት ወፍ ሸንታበት ነው ይላል። በሽታ በእንስሳ ሽንት ይመጣል የሚለው ግምት ለሌፕቶስፓይሮሲስ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ተጠርጣሪዋ ግን ከጣሪያው ይልቅ ጎተራው ሥር ያለችው አይጥ ናት።

ደግሞ በሌፕቶስፓይሮሲስ ከሚያዙት አብዛኞቹ ዓይናቸው ጨርሶ ቢጫ አይሆንም። ቢጫ ከሆነ ከባዱ ዓይነት ነው ማለት ነው። ያኔ የባህል መድኃኒት እየጠጡ ሳምንት መጠበቅ ኩላሊትን የሚያስከፍል ዕዳ ነው። ዓይንዎ ቢጫ ሆኖ ሽንትዎ ካነሰ፣ ወይም ሲያስሉ ደም ካዩ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።

ጣና ውስጥ መዋኘት ያሲዛል? እምቦጭ ስንነቅልስ?

ሰፊውና የሚናወጠው ውሃ ሽንቱን ስለሚያሳሳው የሐይቁ መሐል ያን ያህል አያሰጋም። የሚያሰጋው ዳሩ ነው፦ ከብት የሚጠጣበት ጥግ፣ ወንዝ የሚገባበት አፍ፣ ደንገልና እምቦጭ ያፈኑት የቆመ ውሃ፣ ከዝናብ በኋላ የከተማው ቦይ የሚፈስበት ቦታ። እምቦጭ የሚነቅል ሰው ደግሞ እዚያው ጥግ ውስጥ እስከ ወገቡ፣ አንዳንዴም እስከ ደረቱ፣ ለሰዓታት ይቆማል። ቆዳው ይርሳል፣ ሥሩና ግንዱ ይጭረዋል። ለዘመቻ ሰው የሚያሰልፍ ሁሉ ምሳና ውሃ እንደሚያዘጋጅ ጓንትና ረጅም የጎማ ጫማም ማዘጋጀት አለበት፤ እግሩ የቆሰለ ሰው ደግሞ ዳር ላይ ሆኖ የተነቀለውን ይቆልል።

በነገራችን ላይ ስለ ጣና ውሃ የሚሰጉ ከሆነ በደንብ ተመዝግቦ የሚታወቀው ስጋት ቢልሃርዚያ ነው። እሱን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ስለሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ መከላከያው ግን ያው ነው፤ የዳሩን የቆመ ውሃ መሸሽ።

የሩዝ ገበሬ ነኝ። ውሃ ሳልነካ እንዴት ልሥራ?

አይችሉም፤ ውሃ አትንኩ የሚል ምክር ለፎገራ ገበሬ ምክር አይባልም። ሊደረግ የሚችለውን እንነጋገር። የዝናብ ቦቲ ካለዎ ይልበሱ። ጭቃው ቦቲውን ይዞ እንደሚያስቀረው አውቃለሁ፤ ቢያንስ ቦይ ሲጠርጉና ከብት የዋለበት ማሳ ሲገቡ ይጠቀሙበት። ቁስል ካለ ውሃ በማያስገባ ፕላስተር ይሸፍኑት። በማሳው ውሃ ፊትዎን አይታጠቡ፣ አፍዎንም አይጉመጥመጡ። ሲጨርሱ እግርዎን በንጹህ ውሃና በሳሙና ታጥበው ያድርቁ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን አይጡን ከእህሉ መለየት ነው። ጎተራው ከመሬት ከፍ ብሎ በእግሮች ይቁም፤ በእያንዳንዱ እግር ዙሪያ ቆርቆሮ በተገለበጠ ቅምጫና ቅርጽ ቢታሰር አይጥ ወደ ላይ መውጣት ያቅታታል። የአይጥ መርዝ ብቻውን የሚሠራው ለጥቂት ሳምንታት ነው፤ እህሉ እዚያው እስካለ ድረስ የጎረቤት አይጥ ባዶውን ቤት ትወርሳለች። የሞተችውን በእጅዎ አያንሱ።

ጎርፍ ከመጣ ደግሞ ጥንቃቄው ይጠብቅ። በ1995 ኒካራጓ ውስጥ ከከባድ ዝናብና ጎርፍ በኋላ ሰዎች ሳንባቸው እየደማ ሲሞቱ በመጀመሪያ የቫይረስ ወረርሽኝ መስሎ ነበር፤ ሌፕቶስፓይሮሲስ ሆኖ ተገኘ። በ2022 በደቡብ ታንዛኒያ ሊንዲ ክልል አፍንጫ የሚያደማ «ያልታወቀ በሽታ» ሦስት ሰዎችን ሲገድል መልሱ ይኸው ነበር።

ተመራማሪዎች ለምን የላም ሽንትና የአይጥ ኩላሊት ይሰበስባሉ? የታመመው ሰው አይደለም እንዴ?

በብዙ ቤት ደጃፍ ይህን ጥያቄ እየጠየቁ በፈገግታ ይቀበሉናል። ፈገግታው ተገቢ ነው፤ ሥራው ለሚያየው ያስቃል። ላሟን አንድ ሰው ይዞ፣ ሌላው ከብልቷ በታች ያለውን ቆዳ በእጁ ቀስ አድርጎ ያሻል፤ ብዙ ጊዜ ትሸናለች። የመጀመሪያው ይፈስሳል፤ መካከለኛው በንጹህ ብልቃጥ ይያዛል። ከዚያ መሮጥ ነው፤ ባክቴሪያው ሽንት ውስጥ ቶሎ ስለሚሞት ሕይወቱን ለማቆየት በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ ማሳደጊያው ፈሳሽ መግባት አለበት። ለአይጥ ደግሞ ወጥመድ ሲመሽ በግድግዳ ሥር ይጠመዳል፤ አይጥ መሐል ሜዳ ላይ አትሄድም፣ ግድግዳ ታክካ ነው የምትሄደው። ሲነጋ ይሰበሰብና ኩላሊቷ ይወሰዳል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሌፕቶስፒራ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ከ250 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹም የሚወዱት እንስሳ አላቸው። ሀርጆ የሚባለው የከብት ነው። ካኒኮላ የውሻ ነው። ሰውን አብዝቶ በመግደል የታወቀው ኢክቴሮሄሞራጂየ የአይጥ ነው። ከታመመው ሰው ደም የተገኘው ዝርያ ከላሙ ሽንት ከተገኘው ጋር ከገጠመ ገንዘባችንን ከብት በመከተብና በረት በማድረቅ ላይ እናውላለን። ከአይጡ ኩላሊት ጋር ከገጠመ ከብቱን ትተን ጎተራውን እንይዛለን። ይህን ሳያውቁ የሚደረግ ዘመቻ ከተሳሳተ እንስሳ ጋር የሚደረግ ጦርነት ነው። ስለዚህ ሐኪሙ፣ የእንስሳት ሐኪሙና ውሃውን የሚመረምረው ሰው በአንድ ቀዬ፣ በአንድ ሰሞን መሥራት አለባቸው። በአገራችን ሦስቱ ብዙ ጊዜ በሦስት መሥሪያ ቤት ተቀምጠው ሦስት ደብዳቤ ይጻጻፋሉ፤ እስከዚያ ክረምቱ ያልፋል።

ደሜን ከወሰዱ በኋላ ለምን በድጋሚ ይመጣሉ? ውጤቱስ ለምን ይዘገያል?

በመጀመሪያው ሳምንት ባክቴሪያው ደም ውስጥ ነው፤ በዘረ መል ምርመራ ሊያዝ ይችላል። ከዚያ በኋላ ከደም ወጥቶ በሽንት ይታያል፤ ሰውነትም ፀረ እንግዳ አካላትን ማምረት ይጀምራል። አንድ ጊዜ የተወሰደ ደም የድሮውን ሕመም ከአሁኑ አይለይም። በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ተወስዶ የፀረ እንግዳ አካላቱ መጠን በአራት እጥፍ ከጨመረ በሽታው የአሁን ነው።

ዋናው ምርመራ ከ1918 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለ ነው፤ ሐሳቡም ብዙ አልተለወጠም። ላቦራቶሪው በርካታ የሌፕቶስፒራ ዝርያዎችን በሕይወት ያኖራል፤ እንደ እርሾ እየቀያየሩ መመገብ አለበት። የሕመምተኛው የደም ውሃ እየቀጠነ ከእያንዳንዱ ዝርያ ጋር ይደባለቃል። ከዚያ ባለሙያው ጥቁር መደብ ባለው ማይክሮስኮፕ ያያል፤ ነጫጭ ቀጫጭን ክሮች ሲዋኙ ከታዩ መልሱ «የለም» ነው፣ ተሰባስበው ተጣብቀው ከታዩ «አለ» ነው። ለአንድ ሰው ደም ይህ ሁሉ በደርዘን ለሚቆጠሩ ዝርያዎች ይደገማል። ባክቴሪያውን ራሱን ከናሙና ማሳደግ ደግሞ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ሐኪም ከጠረጠረ ሕክምናውን ይጀምራል እንጂ ውጤት አይጠብቅም።

በሽታውን ማን አገኘው?

ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ዌይል በ1886 ትኩሳት፣ ቢጫ ዓይንና የኩላሊት ችግር አብረው የታዩባቸውን ሕመምተኞች ገልጾ ጻፈ፤ ከባዱ ዓይነት እስከ ዛሬ የዌይል በሽታ ይባላል። በየክሊኒኩ ለታይፈስ የሚደረገው ዌይል ፊሊክስ የሚባለው ምርመራ የሌላ ዌይል ነው፤ የኤድመንድ ዌይል። ሁለቱን የሚያምታቱ ተማሪዎች በየዓመቱ ይገጥሙኛል።

በ1907 አሜሪካዊው አርተር ስቲምሰን በቢጫ ወባ ሞተ በተባለ ሰው ኩላሊት ውስጥ የጥያቄ ምልክት ቅርጽ ያላቸውን ባክቴሪያዎች አየ፤ ሰውየውን የገደለው ቢጫ ወባ ላይሆን እንደሚችል ግን ያኔ ማንም አላስተዋለም። ባክቴሪያውን ከበሽታው ጋር ያገናኙት ጃፓናውያኑ ሪዮኪቺ ኢናዳና ዩታካ ኢዶ ናቸው፤ በ1915 ገደማ ውሃ በሞላበት ጉድጓድ የሚሠሩ የከሰል ማዕድን ሠራተኞችን ደም በጊኒ ፒግ ላይ ሞክረው አገኙት፤ አይጥ ተሸካሚ መሆኗንም ቡድናቸው አሳየ።

ለእኔ የሚያሳዝነው የሂዴዮ ኖጉቺ ታሪክ ነው። ሌፕቶስፒራ የሚለውን ስም የሰጠው እሱ ነው። በ1918 ወደ ኢኳዶር ሄዶ ቢጫ ወባ ከተባሉ ሕመምተኞች ሌፕቶስፒራ አገኘና የቢጫ ወባን መነሻ ያገኘ መሰለው። ሕመምተኞቹ ሌፕቶስፓይሮሲስ የያዛቸው ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ሁለቱም ዓይን ቢጫ ያደርጋሉ፣ ሁለቱም ያደማሉ። ሌሎች ተመራማሪዎች በምዕራብ አፍሪካ መነሻው ቫይረስ መሆኑን ሲያሳዩ ጉዳዩን በዓይኑ ሊያይ ወደ አክራ ሄደ፤ እዚያው በግንቦት 1928 በቢጫ ወባ ሞተ። ባክቴሪያውን በስሙ የጠራው ሳይንቲስት እንኳ ቢጫ ዓይን አይቶ ከተሳሳተ፣ መቶ ሰው ተሰልፎ የሚጠብቀው የጤና ጣቢያ ባለሙያ ቢሳሳት አይፈረድበትም።

መድኃኒት አለው? ክትባትስ?

አለው፤ ውድም አይደለም። ቀላሉ በዶክሲሳይክሊን፣ ከባዱ በደም ሥር በሚሰጥ ፔኒሲሊን ወይም ሴፍትሪያክሶን ይታከማል። ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት የሚመረጠው ስለሚለይ ከፋርማሲ ገዝተው ራስዎን አያክሙ። ኩላሊት ከደከመ ለጊዜው የኩላሊት እጥበት ያስፈልግ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ኩላሊቱ ያገግማል። ለሰው የሚሆን ክትባት በጥቂት አገሮች ብቻ ነው የሚሰጠው። አንድ ጊዜ የያዘው ሰው በሌላ ዝርያ ዳግም ሊያዝ ይችላል። ከሰው ወደ ሰው መተላለፉ እጅግ ብርቅ ስለሆነ ሕመምተኛን ማግለል አያስፈልግም።

ላሜ ጨነገፈች። ሌፕቶስፓይሮሲስ ነው?

ሊሆን ይችላል፤ ብሩሴሎሲስም ሊሆን ይችላል፤ ሌላም ብዙ ምክንያት አለ። ወተቷ በድንገት ከቀነሰ፣ ጥጃው ሽንቱ ከቀላ ሌፕቶስፓይሮሲስ ይጠረጠራል። ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ጽንሱንና የእንግዴ ልጁን በባዶ እጅ አይንኩ፣ ለውሻም አይጣሉ፤ በጥልቀት ይቅበሩት። እጅን አስገብቶ የእንግዴ ልጅ መጎተት የለመደ ጎረቤት አይጥሩ፤ ሐኪም ይጥሩ። ነፍሰ ጡር ሴት ከቦታው ትራቅ። ወተቱን አፍልተው ይጠጡ፤ ብሩሴላ በጥሬ ወተት ይተላለፋል፤ እርጎ ማድረግ ብቻውንም አስተማማኝ አይደለም።

ውሻ ነከሰኝ።

ይህ ገጽ ላይ ጊዜ አያጥፉ። ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠቡት፣ ከዚያ በዚያው ቀን ለክትባት ጤና ተቋም ይሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከጀመረ በኋላ የሚያድን የለም ማለት ይቻላል።

በሬያችን በድንገት ሞተ፤ ከአፍንጫው ደም ይወጣል። ሥጋው ይበላል?

አይበላም። ቆዳውም አይገፈፍም፣ ሆዱም አይከፈትም። አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። ሬሳው ቶሎ ተነፍቶ፣ ደሙ ሳይረጋ ከቀረ ጥርጣሬው ይበረታል። ሬሳው ሲከፈት ባክቴሪያው አየር ሲያገኝ አፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት የሚቆይ ጠንካራ ቅርፊት ያበጃል፤ ያ መስክ ለልጅዎ ከብትም አደጋ ይሆናል። ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይንገሩ፤ ይቃጠላል ወይም በጥልቀት ይቀበራል፤ የቀሩት ከብቶች ይከተባሉ። አንድ በሬ መሞቱ ከባድ ኪሳራ መሆኑን አውቃለሁ፤ ጎረቤት ተሰብስቦ «እንቃረጠው» ሲል እምቢ ማለትም ከባድ ነው። እጅ ላይ የማያም፣ መሐሉ የጠቆረ ቁስል ከወጣ ፈጥነው ይታከሙ።

ድመት ባሳድግ ይበቃኛል?

ድመት ትንንሾቹን አይጦች ትቀንሳለች፤ ትልቁን የቦይ አይጥ ግን ብዙ ድመት አይደፍረውም። ድመት ይኑርዎ፣ ጎተራውንም ከፍ ያድርጉት።

ለጥናት ናሙና ሊወስዱ ቤቴ ከመጡ ምን ልጠይቅ?

ከየትኛው ተቋም እንደመጡ፣ የሥነ ምግባር ፈቃድ እንዳላቸው፣ ደምዎ ለምን እንደሚመረመርና ለስንት ጊዜ እንደሚቀመጥ ይጠይቁ። እምቢ ማለት ይችላሉ፤ ከጀመሩ በኋላም ማቆም ይችላሉ፤ በሕክምናዎ ላይ የሚያመጣው ነገር የለም። ጽሑፉ ለእርስዎ በሚገባ ቋንቋ ካልተነበበልዎ አይፈርሙ። ከሁሉም በላይ ውጤቱ መቼና በማን በኩል እንደሚነገርዎ፣ የላምዎ ውጤት ከታወቀም ለእርስዎ ይደርስ እንደሆነ ይጠይቁና መልሱን በወረቀት ያስጽፉ። ናሙና ወስዶ ሳይመለስ የቀረ ቡድን ካለ ለቀጣዩ ቡድን ይህን በግልጽ ይንገሩ፤ መስማት ያለበት እሱ ነው።